የሣር ሬሳ

ሀሪድዋር፣
በባድራ ወር፣ ጨረቃ ልትሞላ ሦስት ቀን ሲቀራት፣
በእኛ ዘመን አቆጣጠር 2082

ለልጄ ለናሮታም፤

ገና ስምህን ስጽፍ ብዕሬ ቆመ። መንነህ ከሆነ ይህ ስም የአንተ አይደለም፤ አዲሱን ደግሞ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ደንቡ፣ አባት እንኳ ቢሆን መናኝ ልጁን ሲያገኝ ጎንበስ ብሎ እግሩን መንካት አለበት ይላል። የእኔ ጉልበት ግን እንኳን ለአንተ ለአማልክቱም መታጠፍ ካቆመ ሁለት ዓመት አለፈው። ስለዚህ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ እንደ ድሮዬ ልጄ እልሃለሁ። ከከፋህ ወረቀቱን ለፍየል ስጣት።

የአሥራ ሁለት ዓመት «እንደምን ከረምክ» ተጠራቅሞብኛል፤ ሁሉንም ባንድ ልበለውና ይውጣልኝ፤ እንደምን ከረምክ ልጄ? እኛ አለን። እናትህን ጉልበቷን ያማታል፣ ምላሷን ግን አንድ ቀንም አሟት አያውቅም። ሚስትህ ቫሱዳ ደህና ናት፤ እዚያው የሴቶች ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ልጅህ ኩሁ፣ ስትሄድ ሁለት ጥርስ ብቻ የነበራት፣ አሁን አሥራ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። መነጽሬን ትደብቅና «አያቴ፣ እስቲ የየትኛው መንደር መዝገብ እንደሆነ በጠረኑ ይለዩት» እያለች ትፈትነኛለች። አብዛኛውን ጊዜ እለየዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ቡድሴን ነው፤ አንተ ካለህበት ኮረብታ ሥር የሚያርሰው ገበሬ። በሆሊ በዓል ሰሞን የአባቱን አጥንት ወደ ጋንጋ ወንዝ ሊያወርድ፣ ሞቱንም በቤተ ሰቡ የትውልድ መዝገብ ሊያስጽፍ መጥቶ ነበር። ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ግራ እንደተጋባ በራፌ ላይ ቆመ።

«አባ፣ እኛ መዝገባችን የት እንዳለ አናውቅም» አለኝ። «አያቴ አንድ ጊዜ መጥቶ ነበር ይባላል። መናኙ ስዋሚያችን ግን ይህን ለሽማግሌው ስጥልኝ ብሎኛል።»

ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የአባቶቹ ስም እስከ አምስተኛው ትውልድ በተራ ተጽፎበታል። ከሥሩ ደግሞ «ሦስተኛ መደርደሪያ፣ ሰማያዊ ጨርቅ፣ ጥጉን አይጥ የበላው» ይላል። በዚህ አገር ማንበብና መጻፍ የሚችል መናኝ ሞልቷል። የእኔን መዝገብ ጥግ አይጥ እንደበላው የሚያውቅ መናኝ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ያቺን አይጥ፣ አንተ ዘጠኝ ዓመትህ ሳለ፣ በነጠላ ጫማ ያሳደድናት እኔና አንተ ነን። ጽሑፉም ያው ወደ ቀኝ የሚያዘነብለው የእጅህ ጽሑፍ ነው፤ ስንቴ ጣትህን በማስመሪያ ብመታህ አልቃና ያለው። ወረቀቱን ፊቴ ላይ አደረግሁት። ቡድሴን ያመመኝ መስሎት ውኃ ሊያመጣልኝ ሮጠ።

«ስዋሚያችሁ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አልኩት፣ ሲመለስ።

«ዝምተኛ ነው። ቀኝ እግሩን ይጎትታል። ትኩሳት ለያዘው ሰው ቅጠል ቀቅሎ ይሰጣል። ምግቡን ራሱ ነው የሚያበስለው፤ ግን አባ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ አይጥምም። ጨው የሚባል ነገር አያውቅም።»

እናቱም እንደዚያው ናት ልለው ነበር፤ ዋጥኩት። ሰውየው ሲሄድ ወረቀቱን እዚያው ሰማያዊው መዝገብ ውስጥ ከተትኩና ለማንም ሳልናገር ስድስት ወር ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ደስታዬን አልደብቅህም፤ ብቻዬን መዝገብ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። ሦስት ቀን እንኳ አልቆየም፣ ንዴቱ መጣ። ያ ጎርፍ ተራራውን ይዞ የወረደ ጊዜ፣ አንተ ምዕመናን አስከትለህ ወደ ላይ በወጣህ በስምንተኛው ቀን፣ እኔ ምን አደርግ እንደነበር ታውቃለህ? የሬሳ ፎቶግራፍ በለጠፉበት ግድግዳ ፊት ሃያ ሁለት ቀን ተሰልፌአለሁ። እያንዳንዱን ፊት እያየሁ «እሱ አይደለም» ስል ደስ ይለኝ ነበር። ከኋላዬ የቆመው ሰው ግን ያንኑ ፎቶግራፍ አይቶ ይወድቃል። እንደዚያ ዓይነት ደስታ ደስ ብሎኝ ስለሚያውቅ ዛሬም በራሴ አፍራለሁ። አንተ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ነበርክ። እግርህ ተሰብሮ ይሆናል፣ አእምሮህ ተናውጦ ይሆናል፤ አንድ ዓመት ልስጥህ፣ ሁለትም ልስጥህ። አሥራ ሁለት ዓመት ግን በየት በኩል ይቆጠራል?

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔው ነቀዘ፤ ምክንያቱን ልንገርህ።

አሥራ ሁለት ዓመትህ ባለፈው ሰኔ ሞላ። ደንቡን ታውቃለህ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው እንደሞተ ይቆጠራል፣ ሬሳ የለውምና ከተቀደሰው ሣር ሬሳ ይሠራለታል። ለራሱ ኮኮነት፣ ለጎድኑ ሣር፣ ለእግሩ ሣር። ከዚያ እንደ ሰው ተገንዞ ይቃጠላል፤ ሚስቱ አጠገቡ ቆማ አምባሯን ትሰብራለች፤ እኔም መዝገብ አውጥቼ ቀኑን እጽፋለሁ። ለሌሎች ሰዎች ከሠላሳ የማያንስ የሣር ሬሳ መዝግቤ ይሆናል። የመዝገብ ካህናት ማኅበር ባለፈው ሳምንት ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ያንተ በሙታን ሳምንታት መጨረሻ፣ ጨረቃ በምትጠፋበት ቀን እንዲሆን ወሰነልኝ። ዛሬን ጨምሮ አሥራ ስምንት ቀን ቀርቶታል።

«ኡማዳት፣ የሌላውን ሁሉ ሙታን ስትጽፍ ኖረህ የራስህን ትዘላለህ?» አሉኝ። ክፋት አልነበረባቸውም። እንዲያውም ሻይ ይዘው ነው የመጡት።

እናትህ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ትሰማ ነበር። ብቅ አለችና የሽማግሌዎቹን እግር እንደ ደንቡ ነክታ ስታበቃ፣ «የሣር ምስላችሁን ለላም አብሉት» አለቻቸው። «እኔ በሣር ላይ አላለቅስም። ልጄ ሞቶ ቢሆን ጋንጋ ትነግረኝ ነበር። ሃምሳ ዓመት ጎረቤቴ ናት፣ አንድ ቀንም ዋሽታኝ አታውቅም።»

ማኅበርተኞቹ ሲወጡ ደግሞ ወደ እኔ ዞረች። «የናሮታም አባት፣ እጅዎ ያንን ስም የጻፈ ዕለት በዚህ ቤት ምድጃ አይነድም። ይወቁት።»

ምግቧን ታውቀዋለህና ዛቻው ብዙም አያስፈራ ነበር። እኔ ግን ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። እሷ ትክክል ናት፣ እኔ ደግሞ ትክክል መሆኗን አውቃለሁ፣ ወረቀቱም ከእሷ ክንድ በማይርቅ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ያልነገርኳት ለምን እንደሆነ ብትጠይቀኝ፣ ከነገርኳት ያንኑ ዕለት ወደ አንተ ትነሳለች። ባቡር ቢያመልጣት በእግሯ ትመጣለች። ኮረብታህ ላይ ደርሳ «አላውቅሽም» ብትላት፣ ወይም ደንብህ አስሮህ ፊትህን ብታዞርባት፣ ያንን አልችለውም።

አሁን ስለ ቫሱዳ ልጻፍልህ። የምጽፍልህ ስለ እሷ ብዬ ነው።

ጊርዳሪን ታስታውሰዋለህ? የመጽሐፍ ጠራዡ፣ የሸንበቆ ገበያው ዘንድ ሱቅ ያለው፣ ጣቱ ሁልጊዜ ሙጫ ሙጫ የሚለው። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት። በየዝናቡ ወራት የረጠቡትን መዝገቦች ሊጠርዝ ይመጣል። ድሮ ሦስት ቀን ይበቃው ነበር፤ ካቻምና ሁለት ሳምንት ፈጀ፣ ዘንድሮ አንድ ወር። አንድ መዝገብ በአንድ ክረምት ሁለቴ ሲጠረዝ አይቼ አላውቅም። ቫሱዳ ክር ታቀብለዋለች፤ እሱ መርፌ ይስታል። ሁለቱም ፊቴ አንድ ቃል አይናገሩም፤ ባለመናገራቸው ነው ያወቅሁባቸው። አንድ ቀን ለብቻው ጠርቼ፣ «አንተ ሰው፣ ጉዳይህ ከመጽሐፉ ነው ወይስ ከቤቱ?» አልኩት። ጆሮው ሳይቀር ቀላ። «ከፈቀዱልኝ ከቤቱ ነው፣ ካልፈቀዱልኝ ከመጽሐፉ ነው» አለኝ። ደስ አለኝ ልጄ። ካህን ነኝ፣ ማኅበሩ ሐሜት ይፈጭብኛል፤ ግን ይቺ ልጅ በሃያ አራት ዓመቷ ቆማ የቀረች ናት። ዘንድሮ ሠላሳ ስድስት ገባች። እናትህ እንዳይከፋት ብላ በየማለዳው አናቷ ላይ የባለ ትዳር ቀይ ዱቄት ታደርጋለች። በየዓመቱ ሚስቶች ስለ ባላቸው ዕድሜ በሚጾሙበት ቀን ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ትውላለች።

ማኅበሩ በሄደ ማግስት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ግቢውን ሞላው። ቫሱዳ ቀሚሷን ሰብስባ ውኃውን በመጥረጊያ ትገፋ ነበር። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ቫሱዳ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ቁጭ በይ።»

«ቆሜ እሰማዎታለሁ፣ አባባ። ውኃው መዝገብ ቤት ሊገባ ነው።»

«ስለ ናሮታም ነው።»

«ሰማያዊው መዝገብ ውስጥ ስላለው ወረቀት?» አለችኝ፣ መጥረጊያዋን ሳታቆም።

እኔ ነኝ ቁጭ ያልኩት። ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ ጠየቅኋት።

«ጊርዳሪ መዝገቡን ሲፈታው ወደቀ። ጽሑፉን ከሌላው ገጽ ጋር አስተያየውና አወቀው፤ በቅርቡ የሞተ ሰው ስም አለበት። አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። 'ባልሽ በሕይወት ካለ እኔ ገለል እላለሁ፣ አስበሽ ንገሪኝ' አለኝ። ከዚያ ክር ረሳሁ ብሎ ወጣ። ክሩ እግሩ ሥር ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርስዎስ?»

በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለታችንም አንዳችን ለሌላችን እያዘንን ስንደባበቅ ከርመናል። ጊርዳሪም እንደዚያው፣ ያየውን ሆዱ ውስጥ ቀብሮ፣ መልሷን እየጠበቀ ገጽ ሲሰፋ ከረመ። ያኔ ነው አንድ ወር የፈጀበት ነገር የገባኝ።

መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ፊቴ ቆመች። «አባባ፣ ላም አለኝ በሰማይ ሆኜ አሥራ ሁለት ዓመት ኖርኩ። ስለ ዕድሜው ጾምኩ። ጾሜ ሠርቷል፣ ይኸው አለ» አለችና ፈገግ አለች። እንደዚያ ያለ ፈገግታ ለጠላቴም አልመኝም። «አሁን ግን በሕይወት ያለን ሰው ሬሳ ሠርታችሁ፣ እኔን አጠገቡ አቁማችሁ አምባሬን ልትሰብሩ ነው? አላደርገውም። ለኩሁ ምን ብዬ እነግራታለሁ? ነፃ የምወጣ ከሆነ በእውነት ልውጣ። ካልሆነም እንዲሁ እኖራለሁ። ለምጄዋለሁ።»

ለምጄዋለሁ ያለችው ነው ያንገበገበኝ። ሚስቱ ቆማ አምባሯን ካልሰበረች ደግሞ ማኅበሩ መበለት አይላትም፣ ለሌላም አይድራትም። ሣሩ በከንቱ ይነዳል፣ እሷም እዚያው ባለችበት ትቀራለች።

«ለእሱ እጽፍለታለሁ» አልኳት። «ካንቺ ምን ልበለው?»

«አልተቀየመችህም ይበሉት» አለች። መጥረጊያዋን አንስታ ሁለት ጊዜ ውኃውን ገፋች። «አይ፣ ተዉት። ውሸት ነው።»

እንግዲህ ያችን ቀን እኔው ላንሳት። እኔ ካላነሳኋት ማንም አያነሳትም።

ሁለት ወንድማማቾች ከራጃስታን መጥተው የታናሻቸውን ሞት አስመዘገቡ፤ አንተ በሟቹ ቦታ የታላቁን ስም ጻፍክ። በዓመቱ ታላቁ ልጆቹን ይዞ መጣና የቤተ ሰቡ ገጽ ይነበብልኝ አለ። አንተም ድምፅህን ከፍ አድርገህ የገዛ ሞቱን ፊቱ ላይ አነበብክለት። ልጆቹ ጮኹ። ሰውየው ደረቱን እየዳበሰ «እኔ ነኝ የሞትኩት?» ይላል። ደረጃው ላይ የነበረው ሕዝብ ሳቀ፤ በእኔ ቤት፣ በእኔ መዝገብ ሳቀ። ያኔ በጥፊ መታሁህ። የሃያ ስድስት ዓመት ሰው፣ የልጅ አባት፣ በእንግዶች ፊት። ያልኩህንም አልረሳሁትም፤ «የቆመ ሰው የምትቀብር፣ ምነው አንተን በቀበርኩህ» ነው ያልኩህ። ብዕር አንስተህ ከሥሩ «ስሕተት ነው፤ ሰውየው በሕይወት አለ። ጸሐፊ ናሮታም የኡማዳት ልጅ» ብለህ ጻፍክና ወጣህ። በሳምንቱ ምዕመናን ይዘህ ወደ ተራራ ሄድክ።

እናትህ ጽሑፍ አታውቅም፤ ያን ገጽ ግን ታውቀዋለች። በየዓመቱ የመብራት በዓል ሲደርስ መዝገቡን አስወጥታ ታስከፍተኛለች፤ መዳፏን እዚያች መስመር ላይ ታሳርፋለች። «ምን ይላል?» ትለኛለች፣ እያወቀችው። «ሰውየው በሕይወት አለ ይላል» እላታለሁ። አሥራ ሁለት ጊዜ አንብቤላታለሁ።

ይቅር በለኝ ልጄ። ይህን ስጽፍ ቀለም ፈሰሰ፤ ጥቁሩ ነጥብ ከዚያ ነው። በቤታችን ሦስት መቶ ዓመት የተጻፈውን ሁሉ አገላብጫለሁ፣ አባት ልጁን ይቅርታ የጠየቀበት አንድም መስመር አላገኘሁም። ምናልባት ጠይቀው በቃል ብቻ ይሆን። እኔ በቃል ልልህ ቦታው አልገኝ አለኝና በጽሑፍ ይሁን። ስለ አንድ ስሕተት የገዛ ልጄን በሰው ፊት ያዋረድኩት ሰውዬ፣ ዛሬ አውቄ፣ ዓይኔን ገልጬ፣ የቆመ ሰው ቅበር ተብያለሁ። ቅጣቱ ልክ ነው። ግን ለእኔ ነው እንጂ ለቫሱዳ አይደለም።

ስለዚህ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ና አልልህም። ብትመጣ የቫሱዳ በር ይዘጋል፣ ጊርዳሪም ክሩን ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ደግሞም መናኝ ወደ ወጣበት ቤት አይመለስም። የምለምንህ ይህ ነው። መናኝ ቀሚሱን ከመልበሱ በፊት ወንዝ ዳር ተቀምጦ፣ ጠጉሩን ተላጭቶ፣ የራሱን ተዝካር በራሱ እጅ ያወጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለቤቱ ሞቷል፤ ሚስቱም ያለ ሬሳ፣ ያለ ሣር፣ አምባሯን ሳትሰብር ነፃ ናት። ማኅበሩን ስም ሳልጠራ አውጣጥቼ ጠይቄአቸዋለሁ። «በራሱ እጅ ጽፎ፣ የተዝካሩን ቀንና የመምህሩን ስም ከላከ ይበቃል» ብለውኛል። ያንን ቀን ነው የምፈልገው። እኔ ወደ መዝገብ እገለብጠዋለሁ፤ እውነት ይሆናል፤ ቫሱዳም በእውነት ትወጣለች። ተዝካርህን ሳታወጣ እንዲሁ ቀሚስ ብቻ ለብሰህ ተቀምጠህ ከሆነ ደግሞ፣ ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ማለዳ ወደ ወንዙ ውረድና አውጣው፤ የዚያኑ ዕለት ቀን ጻፍ። አባት ለልጁ እንዲህ ብሎ ይጽፋል ወይ አትበለኝ። ጻፍኩት።

ካልጻፍክ ጨረቃ በጠፋችበት ማለዳ እሳቱን የምለኩሰው እኔ ነኝ። ልጅ አባቱን ያቃጥላል እንጂ ልጁን የሚያቃጥል አባት የተረገመ ነው ይላሉ፤ ግን ሌላ ወንድ በቤቱ የለም። እናትህ ጓዳ ትገባለች፣ ቫሱዳ ውኃ ትጠርጋለች፣ እኔ ሣሩን እለኩሳለሁ።

ቡድሴን ሰሞኑን እንደገና ሲመጣ፣ ባለፈው ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንደጠየቅኸው ነገረኝ። «ሽማግሌው መዝገቡን ቶሎ አገኘው?» ብለኸዋል አሉ። «ሳላቸውን ሳይጨርሱ አገኙት» ቢልህ ሳቅክ፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ከክፍልህ አልወጣህም። ይህን ሲነግረኝ ደግሜ አስነገርኩት፣ ከዚያም ሦስተኛ አስነገርኩት። ሰውየው ሽማግሌው ጃጅቷል ሳይል አይቀርም።

አድራሻዬ የተጻፈበትና ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ ለቡድሴን ሰጥቼዋለሁ። ካንተ ዘንድ እስከዚህ አምስት ቀን ነው ይላሉ። ያለህበትን ቦታ በወረቀቱ ላይ እንዳትጽፍ፤ እናትህ የመንደር ስም ከሰማች ጉልበቷ ይድናል።

መርቄ ልሰናበትህ ብል ደንቡ እንደገና ያዘኝ፤ መራቂው አንተ ነህ፣ ተመራቂው እኔ። ለአባትህ መልካም አሟሟት ለምንለት። እኔ ደግሞ፣ አማልክቱ ባይሰሙ፣ በቆየው አፌ ልበልህ፤ እግርህን ይሻልልህ፣ ኮረብታህ ውኃ አይጉደለው፣ የሚያውቅህ ሰው አይጥፋ። ጨውም ጨምርበት።

አባትህ ኡማዳት

ደግሞ አንድ ነገር። የምትልክልኝን ቀንና የመምህርህን ስም ከላይ በሁለት መስመር ጻፍና ቀሪውን ገጽ ባዶ አትተወው። ፊትና ጀርባውን ሙላው። ጸሎትም ይሁን፣ የትኩሳት ቅጠል አቀቃቀልም ይሁን፣ የፈለግከውን ጻፍ። የቫሱዳ ነገር ካለቀ በኋላ ለእናትህ እነግራታለሁ፤ ከልጅሽ የመጣ ነው ብዬ አሳያታለሁ። እሷ ጽሑፍ አታውቅም፣ ብዛቱን ግን ታያለች። ኩሁ ትምህርት ቤት በምትውልበት ሰዓት ጓዳ አጠገብ አስቀምጬ አነብላታለሁ። በዚህ ቤት ሐሰት ተጽፎ አያውቅም፣ በእኔም ዘመን አይጻፍም። ያልተጻፈውን ማንበብ ግን እኔ እችልበታለሁ። አንተ ብቻ ወረቀቱን ሙላልኝ።